ጥቁሩና ፊቱ፦ የሙንክ የ1895 ሊቶግራፍ

ኖርዌያዊው ሠዓሊ ኤድቫርድ ሙንክ «የራስ ምስል ከዐፅም ክንድ ጋር» የተሰኘውን ሊቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1895 ሲሠራ የ31 ዓመት ሰው ነበር፤ ለድንጋይ ኅትመት ግን ጀማሪ። ቅንብሩ ቁጥብ ነው። ከላይ ስሙና ዓመቱ ተጽፈዋል፤ ከታች የእጅ አጥንት ተጋድሟል፤ በመካከል ከድፍን ጥቁር ውስጥ ፊትና ነጭ ኮሌታ ብቻ ብቅ ብለዋል። አካል የለም።

የሥራው ብቃት ያለው በፊቱና በጥቁሩ አሠራር ልዩነት ላይ ነው። ሊቶግራፍ እንደ እንጨት ኅትመት መፈልፈል አይጠይቅም። ሠዓሊው በቅባታም እርሳስ ወይም በፈሳሽ ቀለም ኖራ ድንጋይ ላይ ይሥላል፤ ድንጋዩ ሲረጥብ የኅትመቱን ቀለም የሚይዘው ቅባት የነካው ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የእጁ ጫና፣ ማመንታቱ ሳይቀር ወረቀቱ ላይ ይደርሳል። ሙንክ ፊቱን በእርሳስ በስሱ ስላበጀው የድንጋዩ ሻካራነት ቆዳ ሆኖ ይታያል። ዳራውን ግን በፈሳሽ ቀለም ደፍኖ ጥልቀት ነፍጎታል። አንደኛው ይተነፍሳል፣ ሌላው ያፍናል፤ የምስለ ገጹ ውጥረት የሚመነጨው ከዚህ እንጂ ከመልኩ አይደለም። በዚያ ላይ ኅትመት ግራና ቀኝን ይገለብጣል። በመስታወት እያየ ራሱን ድንጋይ ላይ የሚሥል ሰው ወረቀቱ ላይ የሚያገኘው መስታወቱ ያሳየውን ሳይሆን ሌሎች የሚያዩትን ፊቱን ነው። ለራስ ምስል ይህን ያህል ባዕድነት የሚያወርስ ዘዴ ጥቂት ነው።

ቅሬታዬ ክንዱ ላይ ነው። እናቱንና እኅቱን ገና በልጅነቱ ሳንባ ነቀርሳ የነጠቀው ሠዓሊ ሞትን ቢያነሣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥቁሩና እንደ መቃብር ጽሑፍ የተቀመጠው ስም ነገሩን ተናግረው ጨርሰዋል፤ አጥንቱ ለማይሰማ ሰው እንደሚደግም ተናጋሪ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ተምሳሌቱ ፍቺውን ራሱ ይዞ መጥቶ ለተመልካቹ የሚተወው ነገር የለም።

ሙንክም በኋላ ባሳተማቸው አንዳንድ ቅጂዎች ክንዱንና ጽሑፉን በጥቁር ሸፍኗቸዋል። እርማቱ ግን ሌላ ጉድለት ወለደ። የላይና የታች ድንበሩ ሲጠፋ ፊቱ የሚደገፍበት አግድም መስመር ያጣል፤ ጥቁሩም ከመቃብርነት ወደ ተራ የምስል ዳራነት ይወርዳል። እኔ፣ ክንዱ እንደ ተምሳሌት ቢበዛብኝም እንደ መስመር ስለሚያስፈልግ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ እመርጣለሁ።