ፊደል የለበሰ ሸማ

አክስቴ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጅ ታቅፈው ነው። ከዚያ ወዲህ ፊደል አይተው ዝም ብለው አያልፉም። የሱቅ ማስታወቂያም ይሁን የታክሲ ጥቅስ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነቡታል። በቅርቡ ፊደልንና የእጅ ሥራ ልብስን ያጋባ አንድ ትርኢት ለማየት ስሄድ አብረውኝ ሄዱ። ጥቁር ፊደል የታተመበት ነጠላ ፊት ቆመው «ቀ... ሸ... ጨ...» ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ፣ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም እትዬ፤ ለጌጥ ነው።»

«ፊደል ለጌጥ?» አሉና ነጠላውን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። እንዝርት ሲያሾሩ የኖሩ ሴት ስለሆኑ ልብስ የሚመረምሩት ከጀርባው ነው። ጀርባው ባዶ ነበር።

እኔ የሐሳቡ ተቃዋሚ አይደለሁም። ፊደልን ከመጽሐፍ አውጥቶ ትከሻ ላይ ማዋል፣ ያውም በእጅ በተፈተለ ማግ፣ ኤሌክትሪክ በማይፈልግ የሽመና ዕቃ በተሠራ ጥጥ ላይ፣ ሊመሰገን የሚገባው ጥረት ነው። በቤታችን ያረጀ ጋቢ አይጣልም ነበር፤ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፤ ከዚያም እስኪያልቅ ያገለግላል። ዛሬ «ዘላቂ ፋሽን» የሚባለውን እናቶቻችን ስም ሳያወጡለት ኖረውበታል። ጥያቄዬ ፊደሉ ከዚህ ልብስ ጋር በእርግጥ ተጋብቷል ወይስ ላዩ ላይ ተለጥፏል የሚል ነው።

«ጥለትስ ምን ይነበባል? ጌጥ አይደለም ወይ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ጥለት እነበባለሁ ብሎ ቃል አልገባም። ፊደል ገብቷል። ፊደል ያየ ዓይን ሳይፈልግ ማንበብ ይጀምራል፤ ትርጉም ሲያጣም የተታለለ ያህል ይሰማዋል። ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ለረጅም ዓመታት ፊደላችንን በሸራ ላይ ሲሰብር፣ ሲያጣምም፣ ሲያስደንስ ኖሯል። የእሱም ፊደል ብዙውን ጊዜ ቃል አይሆንም። ሆኖም እዚያ የማንበብ ሙከራውና አለመቻሉ ራሱ የሥዕሉ ጉዳይ ነው፤ ፊደሉ ሲሰበር ሠዓሊው ሰባሪ መሆኑን እናያለን። ነጠላው ላይ ግን ማንም ምንም አልሰበረም። ከኮምፒዩተር የተገኘ ፊደል እንዳለ ተወስዶ ታትሟል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የፊደላችን መልክ ከመሣሪያው የመጣ ነው። ቁም ጸሐፊው ብራና ላይ የመቃ ብርዕ ሲይዝ ቁልቁል የሚወርደው መስመር ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊት ሮም ላይ በግዕዝ ሲታተም፣ የብረቱ ፊደል የተቀረጸው ያንን የጸሐፊ እጅ ተከትሎ ነው። ሸማኔ ግን ብርዕ የለውም። ጥለት የሚያወጣው ድሩን በቁጥር እያነሳ ባለቀለሙን ክር በማሾለክ ስለሆነ፣ ክብ ነገር ሁሉ በእጁ ላይ ደረጃ ይሆናል። «ሊ» እና «ሌ»ን የሚለያያት እግሯ ሥር ያለች ትንሽ ቀለበት ናት። በወፍራም ማግ ላይ ያቺ ቀለበት ከተደፈነች ንባቡ ተለወጠ ማለት ነው። ስለዚህ ፊደልን መሸመን የሚፈልግ ሰው ፊደሉን ለድርና ለማግ እንደገና ሊቀርጸው ይገባል። ታይፖግራፊ ማለትም ይኸው ነው፤ የፊደልን መልክ ከሚያርፍበት ነገር ጋር ማስማማት።

ይህን ያደረገ አንድ ሥራ በትርኢቱ ላይ አየሁ። ጥግ ላይ የተሰቀለ ጋቢ ነው። ጥለቱ ውስጥ «እናት» የሚል ቃል ተሸምኗል። የ«እ» ጉብጠት በደረጃ ደረጃ ወርዷል፤ የ«ት» ክብ አራት ማዕዘን ሆኗል፤ ውፍረቱም ቁልቁል መሆኑ ቀርቶ ከጥለቱ ጋር አግድም ሄዷል። እንዲህ ያለ «እናት» በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላየሁም፤ ማንበብ ግን አላስቸገረኝም። አክስቴም ከሩቅ አነበቡት። ቀርበው ገለበጡት፤ ከጀርባው በኩል ክሩ ሲመላለስ ታየ። «ይኼ ተሠርቷል» አሉ። ከዚያ የተሻለ ሂስ እኔም አልጽፍም።

ቅር ያሰኘኝ ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ነው። የንድፍ አውጪዋ ስም አለ፤ የሸማኔው የለም። ያንን ኩርባ ወደ ደረጃ የለወጠው፣ ስንት ድር ቢነሳ «ት» ከ«ተ» እንደሚለይ የቆጠረው እጅ የማን ነው? ሽሮ ሜዳ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ከሚውለው ሰው ያልተጻፈ ዕውቀት ወስዶ ስሙን መተው፣ በልብሱ ላይ «ዘላቂ» የሚል ቃል ቢጨመርም የቆየው አሠራር ነው። በቋንቋችን የሸማው ጌጥም፣ የሠዓሊው ሥራም፣ የሊቁ ዕውቀትም «ጥበብ» ይባላል። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ክብሩን ለሁለቱ ሰጥቶ ለሸማኔው መንፈግ አግባብ አይደለም።

ዛሬ የጥለት ምስል የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን እያጣበበው ነው። የእጅ ሸማን ከዚያ የሚለየው ሊታተም የማይችል ነገር ሲይዝ ነው። በሸማኔ እጅ የተቀረጸ ፊደል እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለው ትርኢት ሲዘጋጅ፣ ንድፉ ወደ ሽመናው ከመውረዱ በፊት ሸማኔው ይጠየቅ፤ ስሙም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። አክስቴን ይዤ እመጣለሁ፤ ያነቡታል።