ስሙ ለማን ይሰጥ? «ዘ ፋውንደር» ከሸዋ ሮቢት ሲታይ

የጆን ሊ ሃንኮክ «ዘ ፋውንደር» እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራ ፊልም ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በክህደቱ ነው፤ የወተት ሼክ ማሽን እያዞረ የሚሸጠው ሬይ ክሮክ የማክዶናልድ ወንድማማቾችን ሥራ ከነስማቸው ይወስድባቸዋል። እኔን የያዘኝ ግን ብዙም ያልተወራለት የመሃሉ ክፍል ነው፦ ክሮክ በፍራንቻይዝ ምግብ ቤት እንዲከፍቱ ስሙን የሚሰጣቸውን ሰዎች እንዴት እንደመረጠ።

መጀመሪያ የሰጠው ለጎልፍ ክለብ ወዳጆቹ ነው። ገንዘብ አላቸው፣ ቤቱ ውስጥ ግን የሉም። ማይክል ኪተን የሚጫወተው ክሮክ ሊጎበኝ ሲሄድ ግቢው ቆሽሾ፣ ያልተፈቀደ የዶሮ ጥብስ ሲሸጥ ያገኛል። ከዚያ ፊቱን ወደ ባልና ሚስት ያዞራል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ሊሸጥ ቢሮው የመጣ አንድ ሰው ይመረጣል። በእውነተኛው ታሪክ ሻጯ ሴት ነበረች፤ ቤቲ አጌት እ.ኤ.አ. በ1955 ከባለቤቷ ከሳንዲ ጋር በዋኪጋን ከተማ ቤት ከፈተች። ፊልሙ ያንን ለወንድ መስጠቱ አልገባኝም።

ይህን ክፍል ለሸዋ ሮቢት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከጣርማ በር ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሙቀቱ ውስጥ የሚገባ የደሴ መንገደኛ ምሳውን የት እንደሚበላ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ሾፌሩ ነው፤ ሾፌር ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ባንኮኒ ላይ ያለበትን ቤት ያውቃል።

ፊልሙን የምወቅሰው ምርጫውን በታዛዥነት ስለሚጨርሰው ነው። ጎበዙ ተመራጭ ከተሰጠው ዝርዝር ምንም የማይጨምር ይመስላል። ሸዋ ሮቢት ባለችበት በይፋት ቆላ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው ይኖራሉ፣ ሥጋ ግን ለየብቻ ያርዳሉ፤ በዚያ ላይ ረቡዕ፣ ዓርብና የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም አሉ። ከአዲስ አበባ የተላከውን የምግብ ዝርዝር ሳይነካ የሚያቀርብ ታዛዥ እዚህ ስንት ቀን ባዶ ወንበር ይጠብቃል? አሜሪካም ይህን አይታዋለች። በሲንሲናቲ የማክዶናልድን ስም የወሰደው ሉ ግሮን፣ ካቶሊክ ደንበኞቹ ዓርብ ሥጋ አንበላም ሲሉት እ.ኤ.አ. በ1962 የዓሣ ሳንድዊች አመጣ። ክሮክ በአናናስ የተሠራ የራሱን ሳንድዊች ቢያቀርብም ተሸነፈ፤ ዓሣው እስከ ዛሬ ይሸጣል። ፊልሙ የዶሮ ጥብሱን አሳይቶ ዓሣውን ትቶታል።

የገንዘብ አማካሪው ሃሪ ሶንቦርን መጥቶ ክሮክን «መሬቱን ያዝ» ካለው በኋላ ደግሞ ተመራጮቹ ወደ ታሪኩ ዳር ይገፋሉ። ቦታው የክሮክ ከሆነ ያጠፋውን ተከራይ ማስወጣት ይቀላል፤ የተመረጡት ሰዎች ይህን እንዴት እንደኖሩት ግን አንድም ትዕይንት የለም።

ዘመኑም ተለውጧል። ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የተመረጠው ቁጠባቸውን ይዘው የመጡ ባልና ሚስት ሳይሆን በላይአብ ፉድስ የተባለ ኩባንያ ነው። ትልልቆቹ ስሞች ዛሬ አቅም ያስቀድማሉ፤ ክሮክ የተወው መመዘኛ በሌላ በር ተመልሷል ማለት ይቻላል።

ኪተን ድንቅ ነው፣ ፊልሙም ይታይ። ምግብ ቤታቸውን በፍራንቻይዝ ወደ ክፍለ ሀገር ለማውጣት የሚያስቡ ያዲስ አበባ ነጋዴዎች ግን የጎልፍ ክለቡን ክፍል ደግመው ይዩትና፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ የባንክ ደብተር ከመጠየቃቸው በፊት በጾም ቀን ምን ለማቅረብ እንዳሰበ አመልካቹን ይጠይቁት።