በኢየሱስ ምሽግ ግንብ ሥር

ወደ ሞምባሳ የሚወርድ መንገደኛ፣ የኒያሊ ነጭ አሸዋና የሕንድ ውቅያኖስ ሞቃት ማዕበል አስቀድሞ ልቡን ቢማርከውም፣ ከአሮጌው ከተማ ጥግ፣ ከባሕሩ አፋፍ ላይ ጸንቶ የቆመውን የኢየሱስ ምሽግ ሳያይ ቢመለስ፣ መንገዱን ከእኩሌታው እንዳቋረጠ እቆጥረዋለሁ። ፖርቱጋሎች ይህን ምሽግ፣ የሚላኖ ተወላጅ በሆነው መሐንዲስ በጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ ንድፍ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1593 እስከ 1596 ዓ.ም. አነጹት፤ የኦማን ሠራዊት ከ1696 ጀምሮ ከቦ በ1698 ማረከው፤ እንግሊዞችም በተራቸው ወኅኒ ቤት አደረጉት።

የባሕሩን በር ለመቈጣጠር ከመጣው ከፖርቱጋሎች ወገን አንዱ፣ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶፎሮስ፣ በ1542 በእኛው ምድር በግራኝ ጦርነት መሞቱን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ፣ በዚህ ግንብ ሥር ፈጽሞ ባዕድ ሆኖ አይቆምም።

እኔን ግን ከግዝፈቱ ይልቅ ያስደነቀኝ ድንጋዩ ነው፤ ከኮራል የተጠረበ በመሆኑ፣ መዳፍን ቢያሳርፉበት እንደ ማር እንጀራ ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበት፣ ሸካራና በሠርክም ሳይቀር የቀኑን ሐሩር ያልለቀቀ ሆኖ ይገኛል። በውስጡ ከተጠበቁት ቅርሶች መካከል፣ ስማቸው ያልተጻፈ መርከበኞች በግድግዳ ላይ የሣሏቸው መርከቦች አሉ፤ ሸራቸውና ገመዳቸው ሳይቀር በትዕግሥት የተሠመረ ስለሆነ፣ አገሩን የናፈቀ ሰው እጅ እንደ ሣላቸው አያጠራጥርም። በእነዚያ ሥዕሎች ፊት ብዙ ቆየሁ፤ ስወጣም ባሕሩ እየሸሸ፣ ሕፃናትም በግንቡ ግርጌ ኳስ እየተጫወቱ ነበር።