አካፋ ያነገቱ ሯጮች

ወንዶች ከሆስፒታል ደጅ ተቀምጠዋል፤ አካፋቸው ከጎናቸው ነው። እያወሩ፣ እየተቀላለዱ ይጠብቃሉ። አምቡላንስ ብቅ ሲል ሁሉም አካፋቸውን አንሥተው ይከተሉታል። በሽተኛው ከሞተ መቃብር ቆፋሪ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ የደረሰ ሥራ ያገኛል።

የኻደር አይደሩስ አሕመድ «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» (2021 እ.ኤ.አ.) የሚከፈተው እንዲህ ነው። ሞቃዲሾ ተወልዶ በአሥራዎቹ ዕድሜው ወደ ፊንላንድ የሄደው ዳይሬክተር ፊልሙን የቀረጸው በጅቡቲ ነው፤ ንግግሩም ሶማልኛ ነው። ከአዲስ አበባ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሾፌር በጅቡቲ ከተማ ዳር ያለውን ሰፈር፣ ባልባላን፣ ሲያልፍ የሚያያቸው ዓይነት የቆርቆሮ ግድግዳዎች እዚህ የአንድ ቤተሰብ ጓዳ ናቸው።

ፊልሙን የድራማ መደብ ውስጥ ይከቱታል። እኔ ግን የልብ አንጠልጣይ ፊልም ዕቃው ሁሉ አለው እላለሁ፤ ሩጫ አለ፣ የተቆረጠ ገንዘብ አለ፣ የሚያልቅ ጊዜ አለ። የመቃብር ቆፋሪው የጉሌድ ሚስት ናስራ ኩላሊቷ ታሟል፤ ቀዶ ሕክምናው 5,000 ዶላር ይጠይቃል። የድርሰቱ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ጉሌድ ሚስቱን እንዲያድን ሰው መሞት አለበት። ይህን ማንም በቃል አይናገረውም። አምቡላንሱ ባለፈ ቁጥር ግን ተመልካቹ ራሱን ሲታዘብ ያገኘዋል፤ «ምነው አንዱ በሞተ» ብሎ ሊመኝ ምን ቀረው?

ጉሌድን የሚጫወተው ኦማር አብዲ ጭንቀቱን በፊቱ አይጮኽም፤ በአረማመዱ ነው የምናነበው። ናስራ ሆና የምትጫወተው ያስሚን ዋርሳሜ ደግሞ በካናዳ በሞዴልነት የታወቀች ናት። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ይህን መልክ ለእንባ ይጠቀምበት ነበር፤ ኻደር ግን ታማሚዋን ቀልደኛ አደረጋት። ባልና ሚስቱ ያልተጠሩበት ሠርግ ሰተት ብለው ሲገቡ የፊልሙ ታሪክ አንድ እርምጃ አይራመድም። የተለመደ አርታኢ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህን ነበር። ቢቆረጥ ደግሞ ናስራ በሽታ ብቻ ሆና ትቀር ነበር።

በዚያችው በጅቡቲ ታሪክ ላይ የተሠራ ሌላ ፊልም አለ፤ በሎያዳው እገታ ላይ ያተኮረው የፍሬድ ግሪቮዋ የ2019 የፈረንሳይ ፊልም። በየካቲት 1976 እ.ኤ.አ. ታጣቂዎች የፈረንሳይ ወታደሮችን ልጆች የጫነ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አግተው ወደ ሶማሊያ ድንበር ወሰዱ፤ የፈረንሳይ ተኳሾች ዒላማ ተከፋፍለው በአንድ ቅጽበት ተኮሱ። አሸዋ ላይ ተኝቶ የመጠበቁ ጭንቀት በጥሩ እጅ ተሠርቷል፤ አልነፍገውም። ነገር ግን የቀረጻው ቦታ ሞሮኮ ነው፣ አጋቾቹንም አብዝተን የምናውቃቸው በጠመንጃ መነጽር ውስጥ ነው። ፈረንሳዮች በ1966 እ.ኤ.አ. የጅቡቲን ከተማ በእሾሃማ ሽቦ ከበው እንደነበር፣ ባልባላም ከሽቦው ውጭ የቀሩ ሰዎች ያቆሙት ሰፈር መሆኑን ከዚያ ፊልም ተምሮ የሚወጣ ተመልካች ይኖራል ብዬ አላምንም።

በልብ አንጠልጣይ ፊልም ውስጥ «የእኛም ሰው ይታይ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ፊት ነው። በግሪቮዋ ፊልምም ላይ ጥቁር ፊት ሞልቷል። ኻደር የሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ ጊዜ። ጉሌድ መንጋውን ፍለጋ በእግሩ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲጓዝ ካሜራው አይቸኩልም። ልጁ ማሐድም በከተማ መኪና እያጠበ ሳንቲም ሲለቅም ሥራው እንደ ሥራ ይታያል፤ ለማሳዘኛ አልገባም።

የኻደር ፊልም በ2021 የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ታላቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። ሁለቱንም ለማየት ያሰበ ሰው የግሪቮዋን ያስቀድም። የኻደርን ካየ በኋላ በጠመንጃ መነጽር ውስጥ የሚታየውን ሰው ስሙ ማን እንደሆነ፣ ሚስት እንዳለችው ሳይጠይቅ መቀመጥ ይቸግረዋል።