እንጨት ያልቀመሰች መጥረቢያ

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን፣ ተማሪ አንድ ነገር አልገባው ሲል «ተምሳሌት ነው» ብሎ ያልፍ ነበር። ጆንያ ቃል ናት፤ ያልተፈታው ሁሉ ይከተትባታል። ስለ ጥንት ሰው የድንጋይ መጥረቢያ የሚጻፈውን ሳነብም ይቺው ጆንያ ትመጣብኛለች።

እስቲ አንዷን እንያት። የብሪቲሽ ሙዚየምና ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለምን ታሪክ በ100 ቁሶች ሲተርኩ፣ 14ኛዋ ከካንተርበሪ አጠገብ የተገኘች የጄድ መጥረቢያ ነበረች። ዕድሜዋ 6 ሺሕ ዓመት ገደማ ነው። አረንጓዴ ናት፤ ተሞርዳ እንደ መስተዋት ለስልሳለች፤ የሥራ ጠባሳ ግን የለባትም። ድንጋይዋ የመጣው ከጣሊያን አልፕስ ነው። ፈረንሳውያኑ ፒየርና አን-ማሪ ፔትርካን ለዓመታት ተራራ ሲቧጥጡ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 መነሻውን ሞንቴ ቪሶ ላይ አገኙት።

ትርጓሜው ታዲያ ምን ይላል? ከሩቅ መጣች፣ ከከፍታ መጣች፣ አማረች፣ ምንም አልቆረጠችም፤ ስለዚህ የክብርና የሥልጣን ምልክት ናት። ሦስቱን እቀበላለሁ። አራተኛው ላይ ግን እጄን አወጣለሁ። አለመሥራት ብቻውን ምንንም አያስከብርም።

እዚያው እንግሊዝ፣ ሱመርሴት ረግረግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 የተገኘ ስዊት ትራክ የሚባል የእንጨት መንገድ አለ። ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የዛፎቹ የዕድገት ቀለበት ሲቆጠር፣ እንጨቱ የተቆረጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3807/3806 ነው። ብረት የለም። ያን ሁሉ ግንድ የጣለው የድንጋይ መጥረቢያ ነው። ከመንገዱ ጎን ደግሞ ምን ተገኘ? ያልተሠራባት የጄድ መጥረቢያ!

ልብ በሉ፤ ሁለቱም አንድ ቦታ ናቸው። የለሰለሰችው ትርጉም የነበራት፣ የሚያያት ሰው መዳፉ በመጥረቢያ ዛቢያ የሻከረ ስለነበረ ነው። በመጥረቢያ የሚምለው፣ በመጥረቢያ ደን መንጥሮ እርሻ የከፈተ ሰው ነው። ቅኔ ለቆጠረ ይሄ አይጠፋውም፤ ሰሙን ጥሎ ወርቁን ብቻ ላንሳ ያለ ሰው ወርቁንም አያገኘው። የዚህች መጥረቢያ ሰሟ ሥራ ነው።

ነገሩ የሙዚየም ብቻ ቢሆን ባልደከምኩ። የማይሠራውን ክቡር፣ የሚሠራውን ተራ አድርገን ታሪክ በጻፍን ቁጥር፣ የዛሬውንም ሠራተኛ አብረን እናሳንሳለን። ያቺ ምንም ያልቆረጠች መጥረቢያ እንኳ በራሷ አልለሰለሰችም እኮ። ድንጋይ ላይ ቀን ከቀን ሲፈትጋት የኖረ ክንድ አለ። «የሥልጣን ተምሳሌት» ስንል፣ እሱን የት ልናስቀምጠው ነው?