«አከራካሪ ነው» ሲባል

«አርጊዩኤብል» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቅጽል ሁለት ፊት አለው። «እንዲህ ነው ማለት አርጊዩኤብል ነው» ሲባል ሐሳቡ መከራከሪያ አያጣም ማለት ሲሆን፣ ስለ ሌላ ሰው አባባል ሲነገር ግን ብዙውን ጊዜ ጥርጣሬን ያዘለ ነው። በሂሳችን የተለመደው አቻ «አከራካሪ» ነው። ይህ ቃል ግን ነገሩ ሰው ማከራከሩን እንጂ ጸሐፊው ከየትኛው ወገን እንደቆመ አይናገርም፤ መድረክ መሪውንም አከራካሪ እንለው የለ!

ጦቢያን እንውሰድ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሚል ርእስ ታተመ። «የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ መሆኑ አከራካሪ ነው» የሚል ሐያሲ የሚጠራጠረው ምኑን ነው? ቀዳሚነቱን ወይስ ረጅም ልብ ወለድነቱን? ተማሪዎቻችን ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፈው ወደሚቀጥለው አንቀጽ ያልፋሉ። በበላ ልበልሃ ሙግት እንኳ ተሟጋቹ ወገኑን ለይቶ ነበር የሚቆመው።

በእኔ እምነት እውነተኛው ክርክር ያለው በዓይነቱ ላይ ነው። መጽሐፉ አጭር ነው፤ ታሪኩም በግጥምጥሞሽ ይገፋል፤ የተረት ጠባይም አላጣም። የሚጠራጠር «ያጠራጥራል» ይበል፤ የሚደግፍም «ያስኬዳል» የሚል ጥሩ ቃል አለው። እኔ ጦቢያን ረጅም ልብ ወለድ ማለት ያስኬዳል እላለሁ፤ ምክንያቴም የጦርነት፣ የምርኮ፣ የስደትና የሃይማኖት ጉዳዮችን በአንድ ቤተሰብ ዕጣ ዙሪያ አያይዞ እስከ ፍጻሜ መዝለቁ ነው። የገጹን ማነስ የሚያነሣ ይሞግተኝ።