የ«ቆመ» ዘሮች በመዝገበ ቃላት ውስጥ

እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምእት ዓመት ጎንደር ላይ ያሳነጿት ደብር ቁስቋም ትባላለች። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ «ቆመ» የሚለውን ግሥ ያስታውሳል። ዳሩ ግን በትውፊት የስደት ማረፊያ ከሆነው ከግብጹ ቁስቋም የተወረሰ ስለ ሆነ፣ ከግሡ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። የቅኔ መምህራን ከግሥ የማይወጣውን ቃል «ነባር» ብለው ከዘር ይለዩታል። ይህ መለያ የቃልን ምንጭ ለመመርመር እጅግ ይጠቅማል። በዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ሥራ ለመወሰን ግን አይበቃም። የመዝገበ ቃላት ሥራችን ሁለቱን ጉዳዮች ማደባለቁ የዚህ ትችት መነሻ ነው።

የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቅ ሥራ በ1948 ዓ.ም. ሲታተም፣ አርእስቱ ራሱ ሰዋስውን፣ ግሥንና መዝገበ ቃላትን ባንድነት ያሰረ ነበር። ለግእዝ ተማሪ ይህ አደራረግ ሀብት ነው። ለአማርኛ ተርጓሚ ግን ከግሥ ሥር መስፈርና የግሥን ጠባይ መያዝ የተለያዩ መሆናቸው ካልተገለጸለት ወጥመድ ይሆንበታል።

«ቁም» የሚለውን እንመልከት። ለብቻው ሲነገር ትእዛዝ ነው። «ቁም ሣጥን»፣ «ቁም ነገር»፣ «ቁም ጽሕፈት» ስንል ግን ማንንም አናዝም። ታዲያ ቅጽል ነውን? «ሣጥኑ ቁም ነው» አይባልም፤ «በጣም ቁም ሣጥን»ም አይባልም። ስለዚህ ራሱን የቻለ ቅጽል ሳይሆን የጥምር ቃል አካል ነው፤ ጥምሩም በራሱ ተራ መመዝገብ አለበት። በሌላ በኩል «በቁሜ»፣ «በቁምሽ»፣ «በቁሙ» እያልን በባለቤት ስናረባው የስምን ጠባይ ያሳያል። የቀደሙት ሊቃውንት ፍቺ ሲሰጡ የሚያዘወትሩት «በቁሙ» ግን ከዚህ ርቢ ወጥቶ ደርቋል። ባንድ ምሕጻረ ቃል ይህን ሁሉ መወሰን አይቻልም።

«መቆም»ና «አቋቋም» ሁለቱም ስም ተብለው ይታለፋሉ። ነገር ግን «ቀጥ ብሎ መቆም» ሲባል «አቋቋም» የሚቀበለው «ቀጥ ያለ» የሚለውን ነው። የመጀመሪያው በውስጡ አሁንም ግሥ ነው፤ ሁለተኛው ከግሥነት ወጥቷል። ጎንደር ላይ ደግሞ አቋቋም ሌላም ነው፤ «አቋቋም ተማረ» ያለ ሰው ስለ እግር አኳኋን ሳይሆን፣ ዜማው ከዝማሜ፣ ከጽናጽልና ከከበሮ ጋር ስለሚሰጥበት ትምህርት ይናገራል። እነዚህ ሁለት ፍቺዎች በቁጥር ተለይተው መጻፍ ይገባቸዋል።

«ቋሚ»ን የተርጓሚ ብዕር ከሁሉ ይልቅ ያደክመዋል። የ«ቋሚ ሠራተኛ» ተቃራኒ «ጊዜያዊ» ነው፤ የ«ቋሚ መስመር» ተቃራኒ «አግድም» ነው፤ ቤት ሠሪው «ቋሚው ዘመመ» ሲል ደግሞ ቃሉ ስም ሆኖ ከማገር ጋር ይቆጠራል። የተቃራኒው መለወጥ የፍቺውን መለየት ያጋልጣል። የሙያ ቃል የሚያወጣ ሰው ይህን ሳይመረምር «ቋሚ»ን ለአዲስ ጽንሰ ሐሳብ ቢሰጥ፣ አንባቢው ጽናትን ይረዳ ወይስ አቀማመጥን?

መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የቃል ክፍሎችን ስምንት አድርገዋል፤ ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ወደ አምስት ዝቅ አድርገዋቸዋል። ክርክሩ ለሰዋስው ተገቢ ነው፤ ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ግን ቁጥሩ አምስትም ሆነ ስምንት፣ ከየፍቺው አጠገብ ክፍሉንና አንድ ምሳሌ ዐረፍተ ነገር የማስፈር ግዴታው አይቀርለትም።

«አመራር»ም በ«አቋቋም» አምሳል የተሠራ፣ የመምራትን ስልት የሚገልጽ ቃል ነበር። ቀጥሎ የሥልጣን አካል መጠሪያ ሆነ። አሁን «ሦስት አመራሮች ተገኙ» ሲባል ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ለእኔ ጆሮ ይህ አይጥምም፤ መዝገቡ ግን ሦስተኛውን ፍቺ ከነብዙ ቁጥሩ ሊይዝ ይገባል።